ባዶ እጅሽን ነይ

ባለፈው ጥር ለቅሶ ቤት ባዶ እጄን ገባሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቤቱ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ነው። ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል፤ ኮሪደሩ ላይ ሴቶች ድስትና ትሪ እየተቀባበሉ ወደ ኩሽና ያሳልፋሉ። አንዷ እጇን ዘርግታ ወደ እኔ መጣች፤ የምትቀበለኝ ነገር ስታጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና "ግቢ፣ ግቢ" አለችኝ። ዓይኗ ግን እጄ ላይ ቀረ። አልፈረድኩባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አይ ነበር።

ረስቼ ወይም ጊዜ አጥቼ አይደለም ባዶ እጄን የሄድኩት። ያዘዙኝ ሟቿ ራሳቸው ናቸው። እትዬ መንበረ ከማረፋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄጄ፣ የወሰድኩላቸውን አጥሚት ሁለት ማንኪያ ቀምሰው በቃኝ ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ለቅሶዬ ቤት ስትመጪ ባዶ እጅሽን ነይ።"

"የምን ለቅሶ ነው የሚያወሩት? ገና ብዙ ይኖራሉ።"

"ስሚኝ ስልሽ። ባዶ እጅሽን። ኤርምያስ ይየው።"

ኤርምያስ አንድ ልጃቸው ነው። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም እንባዬን ስታገል ሳልጠይቅ ቀረሁ። እትዬ መንበረን የሚያውቅ ሰው ግን ይህ ትእዛዝ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ይገባዋል። እኚህ ሴት እኮ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሲሄዱ እንኳ ለሐኪሙ ድፎ ዳቦ ይዘው የሄዱ ናቸው።

የተዋወቅነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ነው። ሁለታችንም ክፍል አጽጂዎች ነበርን። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ሲሆን ካሉኝ አሥራ ስድስት ክፍሎች ገና አምስቱን ነበር የጨረስኩት። የአንዱን ክፍል መታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴት ሳያንኳኩ ገቡ። ስሜን አልጠየቁኝም፣ ለምን እንደማለቅስም አልጠየቁኝም። አንሶላውን ገፈው መሬት ጣሉና "ነይ ያዢ ከዚያ በኩል" አሉኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለው ተረት ለእትዬ መንበረ የተተረተ ይመስለኛል።

"ማዕዘኑን እንደ ሕፃን ነው የምትጠቀልዪው። እግሩን ነፃ ካደረግሽው ሌሊቱን ሙሉ ይራገጣል" አሉ አንሶላውን እያሳዩኝ። ከዚያ ምሳቸውን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ግማሽ ለእኔ ሰጡኝ። ሁለታችንም ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር፣ ያውም አንድ ሕንፃ ውስጥ እንደምንኖር ያወቅነው ወደ ቤት ስንመለስ ነው። እኔ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ዘጠነኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰብዌይ ባቡርና በአውቶቡስ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ አብረን ስንመላለስ ስድስት ዓመት ኖርን።

የእሳቸው አባባል "እጅሽ ባዶ ከሆነ እግርሽ አይቅደም" የሚል ነበር። የኢሚግሬሽን ቀጠሯቸው ላይ ቆሎ ይዘው ገብተው መርማሪዋ ጉቦ መስሏት ደንግጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፤ እሳቸው ደግሞ ሴትዮዋ ቆሎ የማትወድ መስሏቸው በሚቀጥለው ቀጠሮ ብርቱካን ይዘው ሄዱ። ሲሰጡ ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በቀኛቸው ይዘረጋሉ፤ እምቢ የሚል ቃል ጆሯቸው አይገባም። ለእሳቸው መስጠት ግን አበሳ ነበር። አንድ ሳህን ምስር ብወስድላቸው ሳህኑ በማግስቱ ሥጋ ተሞልቶ ይመለሳል። ዘጠነኛ ፎቅና አሥራ አራተኛ ፎቅ መካከል የሚመላለሰው ያ ሳህን ባዶውን ሆኖ ያደረበት ቀን ያለ አይመስለኝም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ይደክመኝ ነበር። ፍቅራቸው ትንፋሽ አይሰጥም።

ኤርምያስንም ያደከመው ይኸው ነው። በሱዳን በኩል በጀርባቸው አዝለው ያወጡት ልጅ ነው። አድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ ካናዳዊት ልጅ ወዶ ከእሷ ጋር ስካርቦሮ ቤት ተከራየ። እትዬ መንበረ የቤቱ ቁልፍ ቅጂ ነበራቸውና በየቅዳሜው ሁለት አውቶቡስ ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ቅዳሜ ማንም ሳይኖር ገብተው የልጅቷን ምግብ ከፍሪጅ አውጥተው ጣሉና ከላይ እስከ ታች በራሳቸው ወጥ ሞሉት። ለእሳቸው ይህ ስጦታ ነበር። ኤርምያስ ማታ ደውሎ "እማዬ፣ ቁልፌን መልሺልኝ" አላቸው። ያን ጊዜ ብዙ ክፉ ቃል ተነጋገሩ፤ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም። በዓመቱ ልጅቷን አግብቶ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ሄደ። ስልኩን ለወጠ።

እሳቸው አድራሻውን ከሰው ከሰው አፈላልገው አገኙና ሽሮ፣ በርበሬና ዳቦ ቆሎ በካርቶን አሽገው ላኩ። ካርቶኑ ሳይከፈት ተመልሶ መጣ። አልጋቸው ሥር አስቀመጡት። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ጫፉ ይታየኝ ነበር፤ እሳቸውም እንደማየው ያውቃሉ፤ ስለ እሱ ተናግረን ግን አናውቅም። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ሆቴላችን በየገናው ለሠራተኛው ግብዣ ያደርጋል፤ በመጨረሻም ዕጣ ይወጣል። ያን ዓመት አንደኛው ዕጣ ለሁለት ሰው የፍሎሪዳ ጉዞ ነበር፤ አውሮፕላን፣ አራት ሌሊት ሆቴል፣ አንድ ቀን ደግሞ በጀልባ ተወስዶ ከማናቲ ጋር መዋኘት። የእትዬ መንበረ ቁጥር ወጣ።

"ማናቲ ማን ናት?" አሉኝ በጆሮዬ።

ሥራ አስኪያጁ ፎቶዋን ከፍ አድርጎ አሳየን። ግራጫ፣ ወፍራም፣ አፍንጫዋ ዙሪያ ጺም ያላት፣ እጅና ጅራቷ እንደ መቅዘፊያ የሆነ የውሃ እንስሳ ናት። እኛ ክፍል አጽጂዎች ሁላችንም አንድ ነገር ነው የታየን፤ የተጠቀለለ ፍራሽ። ሣር ብቻ ነው የምትበላው፣ ማንንም አትነክስም፣ ለመተንፈስ ቀስ ብላ ብቅ ትላለች አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ሣር ትበላለች? ታመሰኳለች እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ እትዬ መንበረ።

"ሊበሏት ነው እንዴ እትዬ? ሊዋኙ እኮ ነው።"

ሌሎቹ ሴቶች ትኬቱን ለሰው እንደሚሰጡት እርግጠኛ ነበሩ። እኔ ግን ፍሎሪዳ የሚለው ቃል ሲጠራ ዓይናቸውን አይቼ ነበር። "አንቺ ትሄጃለሽ ከኔ ጋር። መንጃ ፈቃድ አለሽ" አሉኝ። ምን ለመንዳት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከገና እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሕንፃችን አጠገብ ባለው መዋኛ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተለማመድን። እትዬ መንበረ በሱሪና በሰፊ ካናቴራ ነበር የሚገቡት። ሁለት ወር ሙሉ መዋኘት አልቻሉም፤ መንሳፈፍ ግን ቻሉ። በጀርባም በሆድም፣ የሚያንሳፍፍ የፎም ዱላ ታቅፈው፣ እንደ ቅጠል። አንድ ጊዜ ጣሪያውን እያዩ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔና አንቺ ምን እናወጣ ይሆን?" አሉኝ።

የጉዞው ቀን ሲነገረን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ለጀልባው የተያዘልን ማክሰኞ ከነነዌ ጾም መካከለኛ ቀን ላይ ዋለ። "ዮናስ በዓሣ አንበሪ የተዋጠበትን ጾም ይዤ የውሃ አውሬ ፍለጋ ልሂድ?" ብለው አንድ ሙሉ ቀን ተብሰለሰሉ። "ዮናስም እኮ ወዶ አልሄደም" ብላቸው ሳቁና ነገሩ አለቀ። እሑድ ስንነሳ ሻንጣቸው ከበደኝ። ያ የተመለሰው ካርቶን ከነማሸጊያው እንዳለ ሻንጣው ውስጥ ነበር። ያኔ ዕቅዳቸው ሙሉ በሙሉ ገባኝ፤ የልጃቸውን በር ሊያንኳኩና ካርቶኑን እጁ ላይ ሊያስቀምጡ ነው። ፈራሁላቸው። የተመለሰ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ቢመለስ እኚህ ሴት የሚቋቋሙት አልመሰለኝም።

ማክሰኞ ማለዳ በተከራየናት መኪና ካረፍንበት ከታምፓ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ነድተን ጀልባዋ ጋ ደረስን። ካፒቴኗ ዶና የምትባል፣ ፊቷ በፀሐይ የተጠበሰ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ከእኛ ሌላ ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። ብርድ ነው፤ ከወንዙ ላይ እንፋሎት ይነሳል። ጥቁር የጎማ ልብስ ሰጡን። እትዬ መንበረ ቅርጻቸው መታየቱን ሲያዩ ነጠላቸውን ከላይ ተከናነቡ። ዶና ነጠላው ውሃ ውስጥ ይጠልፍዎታል ብላ በእጇ ምልክት አሳየቻቸው። እያጉረመረሙ ሲያወልቁ ከነጠላው ውስጥ ትልቅ የሰላጣ ጥቅል ወድቆ በጀልባዋ ወለል ላይ እየተንከባለለ ዶና እግር ሥር ቆመ።

ዶና ሰላጣውን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሣር በል ናት አልተባለም? ትናንት ማታ ሱፐርማርኬት ስንገባ ነው ሳታዪኝ የገዛሁት። ሰው ቤት ባዶ እጅ ይገባል እንዴ? ቤቷ እኮ ነው የምንሄደው።"

ተረጎምኩላት። ዶና አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ሰላጣውን አንስታ በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ዘጋችበትና ቁጭ ብላ ቀስ እያለች አስረዳችን። ማናቲን ማብላት ክልክል ነው። ሰው ሲያበላት ጀልባ ጋ መምጣት ትለምዳለች። የጀልባ ሞተር ደግሞ ቢላ ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ለመተንፈስ ብቅ ያለችውን አንዷን በጣቷ አሳየችን፤ ጀርባዋ ላይ አምስት ነጭ ጠባሳ ተደርድሯል።

"ሰጥቼ ነው የምጎዳት?" አሉኝ እትዬ መንበረ።

"እንደሱ ነው የምትለው።"

"ይቺ ሴትዮ የምትለው እውነት ነው?"

"ጠባሳውን አይተውታል እኮ።"

ዶና የቀረውን ሕግ ነገረችን። አትከተሏት። አትያዟት። ከፈለገች ራሷ ትመጣለች፤ ካልፈለገችም ቤቷ ነው። እናንተ ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉ።

በአፍ የሚነከሰውን የመተንፈሻ ቱቦ እትዬ መንበረ እምቢ አሉ። ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃ ጉሮሯቸው ቢገባ ማን ይጠየቃል? መነጽሩን ብቻ አጥልቀው፣ የፎም ዱላቸውን ታቅፈው ገቡ። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ወደ ታች ያያሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው "ፉፉፉ" ብለው ተንፍሰው ይመለሳሉ። ዶና ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። "እሷም ልክ እንደዚህ ነው የምትተነፍሰው በያቸው" አለችኝ።

ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ነው። ከታች ነጭ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ እነዚያ የተጠቀለሉ ፍራሾች ተኝተዋል። እውነቱን ልናገርና ፈራሁ፤ ከመኪና አይተናነሱም። ባልና ሚስቶቹ ወዲያ ወዲህ እየዋኙ ሲያሳድዱ እንስሶቹ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ ይላሉ። እትዬ መንበረ መዋኘት ስለማይችሉ ማሳደድም አይችሉም። ባሉበት ሆነው መዳፎቻቸውን ከፍተው ወደ ታች ዘረጓቸው።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ከአንዷ እናት ጎን ግልገሏ ተነስታ መጣች። ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ። እትዬ መንበረ ሥር ስትደርስ ጺማም አፍንጫዋን መዳፋቸው ላይ አሳረፈች። ፈለገች። ሌላኛውንም መዳፍ አሸተተች። ምንም አላገኘችም። አሁን ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ አገጯን እጃቸው ላይ አስደግፋ ዝም አለች። እናቲቱም ከታች ሆና ታያለች። ስንት ደቂቃ እንደቆየች አላውቅም፤ እትዬ መንበረ ለመተንፈስ ቀና ሲሉ ግልገሏም አብራቸው ቀና ብላ ተነፈሰች።

ጀልባዋ ላይ ስንወጣ መነጽራቸው ውስጥ ውሃ ነበር። የወንዙ ውሃ አልነበረም። ብርድ ልብስ ደርቤላቸው እየተንቀጠቀጡ እጃቸውን ያገላብጡ ጀመር።

"አየሻት? አሸተተችው። ባዶ መሆኑን አወቀች። አልሄደችም።"

"አየሁ እትዬ።"

"ምንም አልሰጠኋትም እኮ። አልሄደችም።"

እኔ በየአውሬው ስብከት የማገኝ ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ነገር ያስቀኛል። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። እሳቸው ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ ይዘው ለመጡት ነገር ሳይሆን ለራሳቸው ሲባል የቀረባቸው የመጀመሪያው ፍጥረት ያቺ ግልገል መሰለቻቸው። ባይሆንም እሳቸው እንደዚያ ነበር የሚያስቡት።

ሆቴል ተመልሰን ልብስ ቀየርን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጾማቸውን በሙዝ ፈቱና "አሁን ውሰጂኝ" አሉኝ። ሻንጣውን ላነሳ ስል "ተይው" አሉ። ከሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ ስሙና አድራሻው የታተመበት ወረቀት አንስተው እስክሪብቶዬን ተዋሱኝ። የጻፉትን አሳዩኝ።

"ኤርምያስ፣ እዚህ ሆቴል ክፍል 212 ነኝ። እስከ ሐሙስ ጠዋት አለሁ። ምንም አላመጣሁም። እናትህ።"

ቤቱ ትንሽ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ነው። ከመንገዱ ማዶ አቆምኩ። ሣሩ ላይ የሕፃን ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ተገልብጦ ተኝቷል። እትዬ መንበረ ብስክሌቱን ሲያዩ እጃቸው የመኪናውን በር መክፈቻ ጨበጠ።

"ልጅ ወልዷል" አሉ። "ጽጌ፣ ልጄ ልጅ ወልዷል።"

በሩን ሊያንኳኩ ነው ብዬ አሰብኩ። መክፈቻውን እንደጨበጡ ቆዩ። ከዚያ ወርደው ቀስ ብለው እስከ ፖስታ ሳጥኑ ብቻ ሄዱ፣ ወረቀቱን ከተቱ፣ ተመለሱ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ነገር ሲደረግ አላየሁም።

ረቡዕ ከጠዋት ጀምሮ ነጠላቸውን ለብሰው ሎቢው ውስጥ ከመስታወቱ በር ፊት ለፊት ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ከፍተው አስቀመጡት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ። መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ እኔን ቦታቸው ላይ ያስቀምጡኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አልበሉም። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አልመጣም። እኔ ውስጤ ነደደ፤ ያን ልጅ ባገኘው በጥፊ እለው ነበር። እሳቸው አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሐሙስ አውሮፕላኑ ውስጥ "ነነዌ እንኳ በሦስት ቀን ተመልሳለች፤ የኔ ልጅ ከነነዌ ይብሳል?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቶሮንቶ ስንገባ ካርቶኑን ለእኔ ሰጡኝ። ያንን ሽሮ ሳምንቱን ሙሉ በላሁት።

ከዚያ በኋላ ለኤርምያስ ምንም አልላኩም። በየበዓሉ አንድ ካርድ ብቻ፤ "ደህና ነኝ። እናትህ።" ሌላ ምንም። አንድ ቀን ሳህኔን ይዘውልኝ አሥራ አራተኛ ፎቅ መጡ። "እንኪ፣ ባዶ ነው" አሉኝ፤ እንደ ልጃገረድ አፈሩ። የሰጠኋቸውን ሻርፕ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ዝም ብለው ለበሱት። አራስ ሳለሁ ደግሞ ገንፎ ሳይዙ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ምንም አላሉም፣ ምንም አላስተካከሉም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ብቻ አቀፉት። ያን ቀን አራት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ከሰው የተቀበልኩት ትልቁ ስጦታ እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ኤርምያስ የመጣው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በበጋ፣ እሑድ ቀን ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው፣ በአንድ እጁ የአራት ዓመት ልጅ፣ በሌላው አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዟል። እትዬ መንበረ ተነሱ፤ ወደ በሩ ግን አልሮጡም። ባሉበት ቆመው ሁለት መዳፎቻቸውን ከፈቱ። ልጅቷ የአባቷን እጅ ለቃ መጥታ እጃቸውን አየች፣ አገላበጠች፣ ከዚያ ያዘቻቸው። ኤርምያስ ብርቱካኑን ጥሎ ሲያቅፋቸው እኔ ወጣሁ። ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። "በልተሃል?" የሚለውን ለማለት ሃያ ደቂቃ ታገሡ። ለእትዬ መንበረ ይህ እንደ ሰማዕትነት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኤርምያስ ቤተሰቡን ይዞ ስካርቦሮ ተመለሰ። እትዬ መንበረ ምድር ቤቱ ውስጥ ኖሩ። ቁልፍ ነበራቸው፤ ላይ ቤት ግን ሳያንኳኩ ገብተው አያውቁም።

እንግዲህ ባለፈው ጥር በዚያው ቤት፣ ባዶ እጄን ሳሎኑ ውስጥ ቆምኩ። ኤርምያስ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። ተነስቶ ሊሳለመኝ ሲል እጄን አየው። እኔም ዘርግቼ አሳየሁት።

"እናትህ ናቸው ያዘዙኝ። ባዶ እጅሽን ነይ፣ ኤርምያስ ይየው አሉኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

አፉን በእጁ ከደነ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ያን ረቡዕ መጥቼ ነበር፣ ጽጌ" አለኝ።

"የቱን ረቡዕ?"

"ፍሎሪዳ። ሆቴሉ ጋ። ወረቀቷን ማታውኑ አገኘሁት፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። በማግስቱ ከሥራ ቀጥታ መጣሁ። በመስታወቱ አየኋት። ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች። በሩን ልገፋ ስል እጄን አየሁት። ባዶ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እናቴ ጋ ባዶ እጄን? የእሷ ልጅ እኮ ነኝ። ብርቱካን ልገዛ ሄድኩ። ገዝቼ ተመልሼ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ተቀመጥኩ። ከረጢቱን ሳየው አነሰብኝ። ካርቶኗን መልሼ፣ ለሦስት ዓመት አንድ ከረጢት ብርቱካን? አነሰብኝና ወደ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ አፈርኩ። እፍረቱ ደግሞ በየቀኑ ይጨምራል።"

እኔ ያን ሁሉ ዓመት በልቤ የረገምኩት ሰው ነው። የሚለኝን ስሰማ እትዬ መንበረ መስታወቱ ፊት ከፍተው ያስቀመጧቸው እጆች ታዩኝ። መካከላቸው አንድ በር ብቻ ነበር።

"ነግረሃቸዋል?" አልኩት።

"ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው የነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ጥፋቱ የኔ ነው። ምንም አላመጣሁም ብዬ ጻፍኩ እንጂ፣ አንተም ምንም አታምጣ ብዬ መጻፍ ረሳሁ' አለችኝ።"

ኩሽናው ውስጥ የድስት ክዳን ይንኳኳል፤ ደጁ ላይ አዲስ የመጡ ሰዎች ሣህን እያቀበሉ ነው። ኤርምያስ ወደ እኔ ዞሮ መዳፉን ከፍቶ ዘረጋ። እኔም ባዶ እጄን ሰጠሁት።